የጠላ ብቅል የምንፈጭበት የቤት ወፍጮ ሲያረጅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጎጃም ለማኅበር፣ ለሰንበቴ፣ ለተዝካር ወይም ለደቦ ጠላ የሚጠምቅ ቤተሰብ፣ ከጋኑና ከጌሾው እኩል የሚያስፈልገው ብቅሉን እንደ ሙያው ፍላጎት የሚፈጭ ወፍጮ ነው። እኔ በደብረ ማርቆስ እናቴን በጠላ ጥመቃ እያገዝሁ ያደግሁ ስሆን፣ በቤታችን ወፍጮውን የመጠገንና የመንከባከብ ሥራም ለብዙ ጊዜ የእኔ ድርሻ ሆኖ ቆይቷል። ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ጎረቤቶችና ዘመዶች አሮጌውን ወፍጮ ለመቀየር ሲነሡ ደጋግመው የሚያነሡልኝ ናቸው።

ወፍጮው በእርግጥ አርጅቷል ወይስ ማስተካከያው ብቻ ላልቷል? በምን ይለያል?

በደንብ የደረቀ አንድ ጣሳ ብቅል ይፍጩና ከተፈጨው አንድ እፍኝ ሰፌድ ላይ በትነው ሳይነካ ያለፈውን ፍሬ ይቁጠሩ። ከዚያ የማስተካከያውን ብሎን፣ ማለትም የሚፈጩትን ብረቶች የሚያቀራርበውንና የሚያራርቀውን፣ ሩብ ዙር አጥብቀው ከዚያው ብቅል እንደገና ይፍጩና ይቁጠሩ። ያልተነካው ፍሬ በግልጽ ከቀነሰ ወፍጮው ደኅና ነው፤ ላልቶ የነበረው ማስተካከያው ነው። ቢያጠብቁትም ግማሹ እንደ ጤፍ ዱቄት ልሞ ግማሹ ፍሬውን እንደያዘ የሚወጣ ከሆነ ግን፣ የሚፈጩት ሁለቱ ጥርሳም ክብ ብረቶች፣ ማለትም ዲስኮቹ፣ በአንድ ወገን አልቀዋል፣ ወይም ደግሞ ዘንጉ ከመቀመጫው ላልቶ ይወዛወዛል። ይህን ለመለየት እጀታውን ይዘው ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች ይወዝውዙት። በእጅ የሚታወቅ እንቅስቃሴ ካለ ያለቀው የዘንጉ ማረፊያ ነውና አዲስ ዲስክ መግዛት ብቻውን ችግሩን አይፈታውም።

ሦስተኛው ምልክት በዱቄቱ ውስጥ የሚታይ ጥቁር ብናኝ ሲሆን፣ ከሁሉም ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው እርሱ ነው። የዲስኩ ጥርስ ሲያልቅ ፈጪው ሳያስተውለው በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያጠበቀ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ብረት ከብረት ይነካካና የሚፋቀው ብናኝ ከዱቄቱ ጋር ይወርዳል። ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በንጹሕ ፕላስቲክ ጠቅልለው ዱቄቱ ውስጥ ቢያመላልሱት፣ ብናኝ ካለ እንደ ጢም ተጣብቆ ይወጣል። እንዲህ ያለ ዱቄት ለጠላ መዋል የለበትም።

ሙሉውን ወፍጮ ልቀይር ወይስ ዲስኮቹን ብቻ?

የወፍጮው አካል ካልተሰነጠቀና ዘንጉ ካልተወዛወዘ ዲስኮቹን ብቻ መቀየር ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ወፍጮውን ሙሉ በሙሉ ሲጥል አይቻለሁ፤ የሚጣለው ወፍጮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዲስኩ በስተቀር ምንም የማይጎድለው ነው። ዲስክ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ የዙሪያው ስፋት፣ የመሐሉ ቀዳዳ ቅርጽና የብሎኖቹ ርቀት መመሳሰል አለባቸው። አንዱን ብቻ ቀይሮ ሌላውን ማስቀረት ግን ገንዘብ ማባከን ነው። አዲሱ ጥርስ ካለቀው ጋር እኩል ስለማይገጥም አፈጫጩ አይስተካከልም፣ አዲሱም ከጊዜው በፊት ያልቃል። ስለዚህ ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ቀን፣ በጥንድ ይቀየራሉ።

የዘንጉ ማረፊያ ያለቀ እንደሆነ ብረት በማሽን ወደሚቀርጽ ቶርኖ ቤት ወስዶ አዲስ ቡሽ፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርበትን ቀለበት፣ ማስወጣት ይቻላል። በቀለበቱ ፈንታ ኩሽኔታ (ባለ ኳስ ማረፊያ) ያለው ከሆነም ቁጥሩ ጎኑ ላይ ስለተጻፈ መለዋወጫ ሱቅ ሄዶ በዚያው ቁጥር መጠየቅ ነው። አካሉ ከተሰነጠቀ ግን እንዲበየድ አልመክርም። የእነዚህ ወፍጮዎች አካል ቀልጦ የፈሰሰ ብረት በመሆኑ ብየዳ በቀላሉ አይቀበልም፤ ባለሙያ አሙቆ በልዩ ኤሌክትሮድ ካልበየደው በቀር ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለ ወፍጮ ጊዜው አልፏልና ሙሉውን መቀየር ነው።

ያለኝ የድንጋይ ወፍጮ ነው። እርሱስ ይቀየራል?

የድንጋይ ወፍጮ በመጀመሪያ ይወቀራል እንጂ አይቀየርም። መጁ (በእጅ የሚገፋው የላይኛው ድንጋይ) እና ወፍጮው እርስ በርስ እየተፋተጉ ሲለሰልሱ እህሉን መያዝ ስለሚሳናቸው፣ ፈጪዋ እየደከመች ዱቄቱ ግን አይወርድላትም። በመውቀሪያ ፊቱን እኩል እየነካኩ ማሻከር አገልግሎቱን ይመልሰዋል። ከተወቀረ በኋላ በውኃና በብሩሽ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ለምግብ የማይውል አንድ ሁለት እፍኝ እህል ተፈጭቶበት ይደፋል፤ ይህን የዘለለ ሰው አሸዋውን በጠላው አተላ ውስጥ ያገኘዋል።

የሚቀየርበት ጊዜ የሚደርሰው የወፍጮው መሐል ጎድጉዶ መጁ ዳር ዳሩን ብቻ ሲነካና መሐሉ ላይ ሲንሳፈፍ ነው። ጥሩ ድንጋይ ማግኘት በእኛ አገር ያን ያህል አይቸግርም፤ ጮቄ ራሱ የጥንት እሳተ ገሞራ ተራራ በመሆኑ ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ በየወንዙ አለ። ሲመርጡ ሁለት ስባሪ ድንጋዮችን በውኃ አርጥበው ያፋትጉ። ውኃው ቶሎ የሚደፈርስና አሸዋ የሚያወርድ ከሆነ ይተዉት፤ ያ አሸዋ ነገ ከእህሉ ጋር ጥርስ ላይ ይመጣል። መጁንም ከዚያው ዓይነት ድንጋይ ማስወቀር ይሻላል፤ ጠንካራው ለስላሳውን እየበላ አንዱ ያለ ዕድሜው እንዳያልቅ ይረዳል።

አዲስ ልገዛ ነው። የትኛው ዓይነት ይሻላል?

ለዚህ ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ መስጠት ግድ ይለኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወፍጮ የሚመረጠው በሚፈጨው እህል እንጂ በመልኩ ወይም በዋጋው አይደለም። በጎጃም ደግሞ የጠላ እህል አንድ ዓይነት አይደለም፤ የደጋው ሰው ገብስ ያበቅላል፣ በሜጫና በዙሪያው ዳጉሳ በብዛት ይውላል፣ በቆሎም ቢሆን በብዙ ቤት በእንኩሮው፣ ማለትም ከተቆላ እህል (ከአሻሮ) ዱቄት ተቦክቶ በሚበስለው፣ ውስጥ ይገባል። የእነዚህ ሦስት እህሎች ፍሬ መጠን እጅግ ይለያያል። የዳጉሳ ፍሬ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ድቡልቡል ሲሆን፣ የገብስ ፍሬ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በቆሎ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይደርሳል።

በውጭ አገር በቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች በአብዛኛው የሚመርጡት በሁለት ተሽከርካሪ ብረቶች መካከል ብቅሉን ጨፍልቆ የሚያሳልፍ ወፍጮ ነው። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሚሆን የገብሱ ውስጥ ይሰባበራል፣ ገለባው ግን ሳይደቅ ይወጣል። ይህን የሚፈልጉበት ምክንያት አላቸው፤ የቢራው ጭማቂ የሚጣራው በራሱ በገብሱ ገለባ ንጣፍ ውስጥ እያለፈ ነውና ገለባው ዱቄት ከሆነ ማጣሪያው ይደፈናል። ጠላ ግን በዚህ መንገድ አይጣራም። ድፍድፉ በጋኑ ውስጥ ይሰክናል፣ አተላው ይዘቅጣል፣ ጠላውም ከላይ ይቀዳል። ስለዚህ የዚያ ወፍጮ ዋና ጥቅም ለእኛ ትልቅ ትርጉም የለውም፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ለገብስ በተስተካከለ ክፍተት ከደቃቁ የዳጉሳ ብቅል ብዙው በደንብ ሳይሰበር ያልፋል፣ በቆሎ ደግሞ ትንንሾቹ ተሽከርካሪ ብረቶች ሊይዙት ስለማይችሉ ከላይ እየተንሸራተተ ይቀራል። አንድ ዘመዴ ከውጭ የተላከለትን እንዲህ ያለ ወፍጮ በደስታ ተቀብሎ፣ አንድ ቁና የዳጉሳ ብቅል ፈጭቶ፣ ፍሬው እንዳለ ሲወርድ በማየቱ እጅግ አዝኖ ነበር። ወፍጮው እንከን አልነበረበትም፤ የተሠራው ለገብስ ብቻ ነበር።

ስለዚህ እንደ እኛ እህል ለሚያፈራርቅ ቤት ባለ ሁለት ዲስክ የእጅ ወፍጮ፣ ወይም በዚያው አሠራር ሞተር የተገጠመለት፣ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ብሎኑን በማጥበቅና በማላላት ብቻ ከዳጉሳ ወደ በቆሎ መሸጋገር ይቻላልና። በቆሎ ሲሆን መጀመሪያ አላልቶ መሸርከት፣ ከዚያ አጥብቆ ሁለተኛ ማሳለፍ ይበጃል፤ በአንድ ጊዜ አልማለሁ ማለት ክንድንም ዘንጉንም ይጎዳል። በሱቅ ለቡናና ለቅመም የሚሸጠው፣ በውስጡ ምላጭ የሚሽከረከርበት የኤሌክትሪክ መፍጫ ግን ለጠላ እህል አይሆንም። ጥቂቱን ከመጠን በላይ ያልማል፣ የቀረውን ጥሬ ያስቀራል፣ ጥቂት ደቂቃ ካሠሩት በኋላም ይግላል።

ብቅሉ ምን ያህል መላም አለበት?

እያንዳንዱ ፍሬ የተሰበረ፣ ግን ያልላመ፣ ግርድፍ መሆን አለበት። ብቅል በጠላ ውስጥ የሚሠራው የእንኩሮውን ስታርች ወደ ስኳር መለወጥ ነው፤ ይህን የሚያደርጉት እህሉ ሲበቅል በውስጡ የሚፈጠሩ ኢንዛይሞች ናቸው። እርሾውም ያን ስኳር ተመግቦ አልኮሉን ይሰጣል። ፍሬው ካልተከፈተ ኢንዛይሙ በውስጡ ታስሮ ስለሚቀር ጠላው ቀጭን ይሆናል። ከመጠን በላይ ከላመ ደግሞ ድፍድፉ ይጓጉላል፣ አተላው ለመዝቀጥ ይዘገያል፣ ጠላውም ጉሽ ሆኖ ይቆያል። ለእንኩሮ የሚውለው አሻሮ ግን ተቦክቶ የሚበስል በመሆኑ ከብቅሉ ይበልጥ ልሞ ቢወጣ ጉዳት የለውም፤ የተቆላ ስለሆነም በቀላሉ ይፈጫል፣ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ወፍጮ አይግባ።

በቤታችን በማስተካከያው ብሎን ላይ ሁለት ምልክት በሞረድ ቀርጸናል፤ አንዱ የብቅል፣ ሌላው የአሻሮ ነው። ዲስክ በተቀየረ ቁጥር ምልክቱም አብሮ መታደስ አለበት።

ለምን ከወፍጮ ቤት አላስፈጭም?

ብዙ ከሆነ ያስፈጩ። ለድግስ የሚሆን ግማሽ ኩንታል አሻሮ በእጅ ልፍጭ ማለት አግባብ አይደለም። ብቅሉ ግን መጠኑ ጥቂት በመሆኑና በወፍጮ ቤት አብዛኛውን ጊዜ እንደ እንጀራ ዱቄት ልሞ ስለሚመጣ፣ ከፊት ከተፈጨው ሰው እህል ቅሪትም ጋር ስለሚቀላቀል፣ በቤት መፈጨቱን እመርጣለሁ። በጥር ወር፣ ጥምቀት ሲቃረብ፣ በእንጅባራ አካባቢ ደግሞ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲደርስ፣ በወፍጮ ቤት ያለውን ወረፋ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል።

ሞተር ያለው ብገዛ ምን ልጠንቀቅ?

በመጀመሪያ የሞተሩን ምልክት ያንብቡ። የአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከሰሜን አሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ግን ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ በመሆኑ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢቀንሰውም ኸርዙን አይለውጠውም፤ በዚህም ምክንያት አብዛኛው የወፍጮ ሞተር ከ6 ዙር 5ቱን ብቻ እየዞረ ይግላል። 1.5 ኪሎ ዋት ያለው ሞተር ከ7 አምፔር በላይ ይወስዳል፤ ሲነሣ ደግሞ ለአፍታ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይስባል። ስለዚህ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ አያሠሩት፤ ከማከፋፈያው ራሱን የቻለ መስመርና የመሬት ሽቦ በባለሙያ ይዘርጉለት።

የእጅ ወፍጮውን በሞተር ለማዞር ለሚፈልጉም አንድ ነገር ልንገር። በደቂቃ 1400 ጊዜ የሚዞር ሞተር በቀጥታ ከዘንጉ ጋር ከተያያዘ ዲስኮቹ ግለው በአጭር ጊዜ ያልቃሉ። ሞተሩ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ወፍጮው ላይ ደግሞ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፑሌጃ (የቺንጋ መዞሪያ ጎማ) ገጥመው በቺንጋ (በሞተር ቀበቶ) ቢያገናኙ ወፍጮው በደቂቃ 175 ጊዜ ይዞራል፤ ይህ ለብቅል ተስማሚ ነው። ቺንጋውንና ፑሌጃውን የሚሸፍን ላሜራ ሳይሠራ ግን ፈጽሞ አያስነሡት። ነጠላ የለበሰች ሴት ጎንበስ ስትል ጫፉ ቺንጋው ውስጥ ቢገባ ሞተሩ እስኪጠፋ የሚታገሥ ጊዜ የለም። ይህን ሽፋን እንደ ተጨማሪ ወጪ የሚያዩ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ከልቤ አዝናለሁ።

ያገለገለ ወፍጮ ብገዛስ?

ይቻላል፣ ግን ተፈትቶ ካልታየ አይግዙ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ቀለሙ አዲስ የሆነ ያገለገለ ወፍጮ ገዝቼ፣ ቤት ወስጄ ስፈታው ዲስኮቹ ውስጣቸው ድረስ የዛጉ፣ ዝገቱም በብር ቀለም የተሸፈነ ሆኖ አገኘሁት። የመጀመሪያው ዱቄት ላይ የቀለም ቅርፊት ስለታየ ለበዓል ያዘጋጀነውን ብቅል በሙሉ ለመድፋት ተገድደናል። ከዚያ ወዲህ ሻጩ ዲስኩን ፈትቶ እንዲያሳየኝ ሳልጠይቅ ገንዘብ አላወጣም። እህል በሚነካው ክፍል ላይ ቀለም ካለ፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ይተዉት። የጥርሶቹን ጫፍ በአውራ ጣት ይዳስሱ፣ እጀታውን ያለ እህል ቀስ ብለው ያዙሩና ዲስኩ ሲዞር ወዲያና ወዲህ የሚል መሆኑን ይመልከቱ፤ ጥቂት ማለቱ ያለ ነው፣ በአንድ ወገን ሲነካ በሌላው ሰፊ ክፍተት ከታየ ግን ዘንጉ ጎብጧል።

በዚሁ ወፍጮ ጌሾና በርበሬ መፍጨት ይቻላል?

በርበሬ በፍጹም፤ ሽታው ከጥርሶቹ መካከል አይለቅም፣ ጠላውም ያስታውቃል። የጌሾ ቅጠል ተወቅጦ እንጂ ተፈጭቶ አይገባም ባይባልም፣ የእንጨቱ ጭረት ዲስኮቹ መካከል እየተጠላለፈ ዘንጉን ስለሚያንቀው ሙቀጫና ዘነዘና ይሻላሉ።

አዲሱን ወፍጮ ከመጠቀሜ በፊት ምን ላድርግ?

ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይዝግ የተቀባው ዘይት ለምግብ የሚሆን አይደለም። ሁሉንም ፈትተው በሙቅ ውኃና በሳሙና ይጠቡ፣ ወዲያውኑ በጨርቅ አድርቀው ፀሐይ ያስነኩት፤ እርጥብ ሆኖ ካደረ በማግስቱ ዝጎ ያገኙታል። ከዚያ አንድ ሁለት ጣሳ ርካሽ እህል ይፍጩበትና ይድፉት፤ ለከብትም ለዶሮም አይስጡ፣ በውስጡ የብረት ብናኝ አለና። ማግኔቱ ምንም የማያወጣ እስኪሆን ድረስ ይህን ይድገሙት። በዘንጉ ማረፊያ ላይ የሚቀባው ደግሞ ግራሶ ሳይሆን ጥቂት የምግብ ዘይት ይሁን፤ ከዚያ የሚንጠባጠብ ነገር ሁሉ መድረሻው ዱቄቱ ነው።

አዲሱ ወፍጮ ብቅል ሲፈጭ ይታፈናል፤ ተበላሽቶ ይሆን?

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የብቅሉ ነው። ያልደረቀ ብቅል በዲስኮቹ መካከል እንደ ሊጥ ተለጥፎ መንገዱን ይዘጋዋል። አንድ ፍሬ በጥርስዎ ይስበሩ፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ከለመጠ ግን ለአንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ይፈልጋል። በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ የጎጃም ሰማይ ፀሐይ ስለሚነፍገን ብቅሉን ከምድጃ በላይ ባለ ቆጥ ላይ ማድረቅ ይቻላል፤ ጭሱ ግን በጠላው ጣዕም ውስጥ እንደሚታወቅ መርሳት አይገባም። የደረቀውን ብቅል ሥሩ እንዲረግፍ በእጅ አሽተው ያንገዋልሉት። ከአውድማ የመጣ ጠጠር አንዱ እንኳ ቢያመልጥ የዲስኩን ጥርስ ይሸርፋልና ለቀማውን ለሕፃን አይተዉት።

አዲሱ ምን ያህል ዘመን ያገለግላል?

ይህ በአያያዙ ይወሰናል። ባዶውን ያልዞረ፣ ከተፈጨበት በኋላ በደረቅ ብሩሽ የጸዳ፣ በውኃ ካልታጠበና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ዲስኩ ብቻ እየተቀየረለት ለልጅ ይተርፋል። ከእያንዳንዱ ጥመቃ በኋላ ዲስኮቹን አላልቶ ማሳደርም ይጠቅማል፤ ተጣብቀው ካደሩ በመካከላቸው የቀረው ዱቄት እርጥበት ስቦ ያዝጋቸዋል፣ ነቀዝም ይገባበታል።

አሮጌውን ምን ላድርገው?

አካሉ ደኅና ከሆነ አያስወግዱት። የላላው ዘንግና ያለቀው ዲስክ ለጠላ ባይሆኑም እህል ከሚነካው ሥራ ውጪ አገልግሎት አያጡም፤ እኛ በአሮጌው፣ ዲስኮቹ እንዳይነካኩ አላልተን፣ የከብት ጨው ድንጋይ እናደቅቅበታለን። እጀታውና የማስተካከያው ብሎን ግን ለአዲሱ መለዋወጫ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ልካቸው ከገጠመ ዘይት ነክተው በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጧቸው።